ሦስት መቶ ብር፣ መጨረሻው

ባለፈው ሐሙስ መሳለሚያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ከፊቴ የቆመችው ሴትዮ የሽንኩርት ፌስታሏን በየደቂቃው ከአንድ እጇ ወደ ሌላው ታዘዋውራለች። ልጆቼ የደወሉ መስሎኝ አወጣሁት። የመተግበሪያ መደብሩ መልእክት ነው። አፑ ለረጅም ጊዜ ስላልታደሰ ከዝርዝራችን ልናወርደው ነው ይላል፣ በጨዋ ቋንቋ። ከሥሩ የአፑ ስም አለ፤ ከስሙ ጎን ዋጋው። ዋጋው "ነጻ" ይላል።

ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ከኋላዬ ያለው ጎረምሳ "እናት፣ ተራመጂ እንጂ" አለኝ። እናት! የሁለት ልጆች እናት ብሆንም በመንገደኛ አፍ ስሰማው ይከነክነኛል። ተራመድኩ። ልቤ ግን ወደ ነስሩ ሱቅ ሄዷል።

ያን አፕ የሠራሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ኮምፒውተር ተምሬ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ አማኑኤል ሰፈር አባቴ ቤት ቁጭ ያልኩበት ዓመት። ግቢያችን ውስጥ ጋሽ ደምሰው የሚባሉ ኪቦርድ ተጫዋች ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ሙዚቃቸውን በክፍላቸው ራሳቸው ይቀዳሉ። ኮምፒውተራቸው እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ ድምፁ እንዳይገባባቸው በረንዳ ላይ አስቀምጠውታል። ታዲያ በረንዳ ወጥተው መቅጃውን ያስነሱና ወደ ኪቦርዳቸው ይሮጣሉ፤ ከተሳሳቱ ደግሞ ወጥተው ያቆሙና እንደገና ይሮጣሉ። ስልሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው። የሚቀዱት ዘፈን ሁሉ መግቢያው ላይ የማለክለክ ድምፅ አለበት።

ይህን አይቼ ስልክን ሪሞት የሚያደርግ አፕ ጻፍኩላቸው። ስልኩ ኪቦርዱ አጠገብ ይቀመጣል፤ ቀዩን ምልክት ሲነኩት በረንዳ ያለው ኮምፒውተር መቅዳት ይጀምራል፣ ሲነኩት ያቆማል፣ ሲፈልጉ ወደ ኋላ ይመልሳል። ጋሽ ደምሰው የመጀመሪያውን ቀን ምንም አልቀዱም። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሲያስነሱትና ሲያቆሙት ዋሉ።

አባቴ በርበሬ በረንዳ የበርበሬ ጅምላ ሻጭ ነበር። አንዷን ዛላ አንስቶ ጆሮው ላይ ያንኳኳታል፣ ይሰብራታል፣ ያሸታታል፣ ከዚያ ዋጋ ይናገራል። የኔ ሥራ አይሸተት፣ አይሰበር። ምን እንደሆነ ሁለቴ አስረዳሁት፤ ሁለቴም በትዕግሥት ሰማኝና ስንት ታወጣለች አለኝ። በሐምሌ አንድ ቀን ቁርጡን ነገረኝ። አዲሱ በርበሬ እስኪገባ ጊዜ ሰጥቶኛል፤ እስከዚያ ስልክ ላይ የምነካካው ነገር እንጀራ ካልሆነኝ፣ ሱቅ እወርዳለሁ። አዲሱ በርበሬ የሚገባው በኅዳር ነው። አራት ወር ማለት ነው።

አሁን ነስሩን ላስተዋውቃችሁ። የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ አብረን አደግን፣ አብረን ተማርን። ስምንተኛ ክፍልን ያለፈው የኔን ሒሳብ ገልብጦ ነው፤ ይህን ሁልጊዜ ስለምናገር ዛሬም ሳልናገረው አላልፍም። በሃያ ሦስት ዓመቱ ቁም ሳጥን የምታክል ሞባይል ቤት ነበረችው። ስልክ ይጠግናል፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈንና አፕ ይጭናል፣ ሽፋን ይሸጣል።

በነስሩ እቀና ነበር። ሌላ ስም አላወጣለትም። ልጆች ሆነን አባቴ ሱቅ ውለን ስንመለስ፣ እኔ ስንት ኩንታል እንደተራገፈ እነግረዋለሁ፤ ነስሩ የትኛው ገዢ ሲዋሽ ጆሮውን እንደሚያክ ይነግረዋል። አባቴ የኔን ሰምቶ ራሱን ይነቀንቃል፣ የሱን ሰምቶ ይስቃል። አንድ ቀን እኔ እያለሁ "ይሄ ልጅ የኔ ቢሆን ኖሮ" ብሎ ጀመረና አየኝ፤ ሳይጨርሰው ተወው። ቢጨርሰው ይሻለኝ ነበር። ተመርቄ ጋውን ለብሼ ፎቶ የተነሳሁ ቀን እንኳ፣ ፎቶ አንሺውን ተከራክሮ ዋጋ ያስቀነሰው ነስሩ ነው፤ አባቴ ሳምንት ሙሉ ያወራው ያንን ነው። ጉድ እኮ ነው።

ያም ሆኖ አፑን የሚያሻሽጥልኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም። ያኔ ከኛ አገር ሆኖ አፕ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦ መሸጥ የማይታሰብ ነበር፤ ክፍያው አይመጣም። ሰው አፕ የሚያስጭነው እንደ ነስሩ ያለ ሞባይል ቤት ሄዶ ነው። ስለዚህ ሃምሳ የመክፈቻ ቁጥር በወረቀት ጻፍኩ፤ አንዱ ቁጥር አንድ ስልክ ላይ ብቻ ይሠራል። ወረቀቱን ይዤ ከሱቁ ጀርባ ካለው ፉል ቤት ተገናኘን።

ያን ፉል እስከ ዛሬ አልረሳውም። ዘይቱ ዳር ዳሩን ይፈላል፣ ቃሪያው ላዩ ላይ በደቃቁ ተከትፏል፣ ዳቦው እጅ ያቃጥላል። ነስሩ ዳቦውን እየቆረሰ ስንት ልትያት ነው አለኝ።

ሳምንት ሙሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። በርበሬ ሲሸጥ ጆንያው ይጎድላል፤ የኔ ዕቃ ግን ብሸጠው ብሸጠው አይጎድልም። ካልጎደለብኝ ምን ብዬ ነው የማስከፍለው? ዋጋ መጥራት እንደ ልመና አሳፈረኝ።

"ሦስት መቶ" አልኩ፣ ድምፄ ሳይሰማ።

"መነሻሽ ነው መጨረሻሽ?"

"መጨረሻዬ።"

"ወይንሸት፣ ከፍ አርጊያት። ሰው የሚያወርደው ነገር ይፈልጋል።"

እውነቱን ነበር። መርካቶ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ሳያውቅ አይቀርም፤ መነሻ የሚጠራው ገዢው እንዲያወርደው ነው፣ ካላወረደ የገዛ አይመስለውም። አባቴ ሱቅ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ግን ምክሩ ከነስሩ አፍ ወጣ። አባቴ ቢለኝ እሰማው ነበር፤ የማላውቀው ሰው ቢለኝም እሰማ ነበር። ነስሩ ሲለኝ አንገቴ ደነደነ። ሦስት መቶ አልኩ፣ ሦስት መቶ ነው አልኩት።

ዳቦውን ፉሉ ውስጥ ነክሮ ይሁን አለ። ሦስት መቶው የኔ፣ ከላዩ የሚያገኘው የሱ። ይሄ የሰፈሩ ወግ ነው። ባለ ዕቃው የራሱን ዋጋ ቆርጦ ይሰጣል፣ የሚያሻሽጠው ከላዩ ያገኘውን ይወስዳል፤ ስንት እንደሸጠው መጠየቅ ነውር ነው። እጅ ተመታታንና ፉላችንን ጨረስን።

ነስሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ብሬን ያመጣልኝ ጀመር። በዙሪያችን ስቱዲዮ ሞልቷል፤ መዝሙር የሚቀዳ አለ፣ መንዙማ የሚቀዳ አለ፣ ዘፈን የሚቀዳ አለ፤ አብዛኛው ክፍሏ ጠባብ፣ ሠራተኛው አንድ ነው፣ ልክ እንደ ጋሽ ደምሰው የሚሮጥ። በነሐሴ ለአባቴ ካልሲ ገዛሁለት። ሦስት ጥንድ። አገላብጦ አያቸውና ስንት እንደገዛኋቸው ጠየቀኝ፤ ስነግረው ተበልተሻል አለኝ።

መስከረም ገባ። አባቴ ለመስቀል አገር ቤት ሊሄድ ሽር ጉድ የሚልበት ሰሞን ስለሆነ ደስተኛ ነው። አንድ ማታ ጎመንና አይብ ቀርቦልን፣ መጉረሱን ትቶ ብቻውን ይስቅ ጀመር። ለካ ወደ ነስሩ ሱቅ ጎራ ብሎ ነበር።

"ያቺን የስልክ ሪሞትሽን በአንድ ሺህ አምስት መቶ ሸጣት" አለኝ። "በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ከሁለት ሺህ ነው የጀመረው። ሰውየው ከፍሎ፣ መርቆት ሄደ።"

ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ፣ አንቺ እኮ ሦስት መቶ ያልሽው ነው አለኝና እንደገና ሳቀ።

የጠቀለልኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት። ያናደደኝ ብሩ አይደለም፤ እሺ፣ ብሩም ነው፤ ግን ከብሩ የባሰው ሌላ ነው። የአባቴን ፊት የሚያበራ ነገር ልሠራ ዕድሜዬን ሙሉ ለፍቻለሁ። ይኸው ፊቱ በራ፤ በኔ ዕቃ በራ፤ ያበራው ግን ነስሩ ነው። እጄን ታጥቤ ተነሳሁ። በወጉ ከሄድን የምከሰው ነገር የለኝም፤ ከላዩ የሱ ነው ብዬ እጅ መትቻለሁ። ይህን ማወቄ ደግሞ ይበልጥ አሳረረኝ።

በማግስቱ ላፕቶፔን በሰማያዊ ቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ። ራሴ ስቱዲዮ ለስቱዲዮ እየዞርኩ በሦስት መቶ ልሸጥ ነው። ነስሩ በአንድ ሺህ አምስት መቶ፣ እኔ ባለቤቷ በሦስት መቶ፤ እስቲ ማንን ይመርጣሉ? እየተራመድኩ ገና ፈገግ እላለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስቱዲዮዎች ውስጥ ያሉት ልጆች ነስሩ ያውቃል ወይ ብለው ጠየቁኝና በኋላ እንደውላለን አሉኝ። እንደማይደውሉ ገባኝ።

ሦስተኛው የእትዬ ጸጌ ነው። እትዬ ጸጌ ከአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መዝሙር የሚያስቀዱ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሴት ነበሩ። ግድግዳቸው በእንቁላል መያዣ ካርቶን ተሸፍኗል። ከሳቸው ኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ አሳየኋቸው፤ ቀዩን ነኩት፣ ሠራ፤ ነኩት፣ ቆመ። ወደዷት። ስንት ነው አሉኝ።

"ሦስት መቶ።"

"መጨረሻው?"

"መጨረሻው ነው፣ እትዬ።"

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ይደሰታሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ለካ ከነስሩ ጋር ሁለት ሳምንት ተከራክረው ከሁለት ሺህ አንድ ሺህ አምስት መቶ አድርሰውታል፤ በማግስቱ መጥቶ ሊገጥምላቸው ነው። በዚህ ክርክራቸው ኮርተዋል፤ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተዋል። ስልኬን በአንድ ጣታቸው ገፋ አድርገው ወደኔ መለሱት።

"የኔ ልጅ፣ ኦሪጅናሉ ነስሩ ጋ ነው ያለው። ይሄ ኮፒው ነው።"

እኔ ነኝ የሠራኋት አልኳቸው።

"የሠራው ሰው በሦስት መቶ ይሰጣል?" አሉኝ። በክፋት አልነበረም። እንዲያውም ያዘኑልኝ ይመስላሉ።

ላፕቶፔን ከፍቼ የጻፍኩትን ኮድ፣ ያን ሁሉ ሺህ መስመር፣ አሳየኋቸው። ይሄን ጉንዳን ማን ያነበዋል አሉ። በርካሽ የሚሸጥና ከዋጋው ንቅንቅ የማይል ሰው የያዘው ዕቃ ወይ የተሰረቀ ነው ወይ ኮፒ ነው፤ ይህን እኔም አውቀዋለሁ፤ እኔም ብሆን አልገዛም ነበር። ኩም አልኩ። በገዛ ዕቃዬ ሌባ ሆኜ ቆምኩ።

እትዬ ጸጌ ስልካቸውን አንስተው ነስሩ ዘንድ ደወሉ፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ለቀቁት። አንዲት ልጅ ሪሞትህን ኮፒ አድርጋ በሦስት መቶ እያዞረች ነው፣ አሁን አጠገቤ ናት አሉት።

ከወዲያ በኩል ጋሪ የሚገፋ ሰው ዞር በሉ ዞር በሉ እያለ ሲያልፍ ይሰማኛል። ነስሩ አዎ ኮፒ ናት ቢል በቃ፤ አንድ ሺህ አምስት መቶው ይጸናል፣ ክብሩ እንዳለ ይቆያል፣ እኔ በሰፈሩ ስቱዲዮ ሁሉ ደጃፍ አልደርስም። የሚያጣው ምንም የለም።

"ቀጭን ናት? ሰማያዊ ቦርሳ ይዛለች?" አለ።

"አዎ።"

"እትዬ ጸጌ፣ የሠራችው እሷ ናት። ዋጋውም እሷ ያለችው ነው።"

ስልኩ ተዘጋ። እትዬ ጸጌ እኔን ይቅርታ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ መጫወቻ ያደረጋቸውን ነስሩን እያሰቡ ፊታቸው ቀልቷል። ሦስት መቶ ብር ቆጥረው ሰጡኝ፤ በር ድረስ አልሸኙኝም።

ወሬ መርካቶ ውስጥ በእግሩ አይሄድም። እስከ ከሰዓት የገዙት ሁሉ ሰሙ። ነስሩ ሱቅ ሄደው ልዩነቱን መልስ አሉት፤ ለጠየቀው ሁሉ ሳይከራከር መለሰ። ስሙን ግን ማን ይመልስለት? "አምስት እጥፍ" የሚል ቅጽል ወጣለት። አምስት እጥፍ፣ ቻርጀር ስንት ነው? አምስት እጥፍ፣ ዛሬስ ማንን ጠረግህ? በረንዳ ላይ ካልሲ የሚያዞሩት ሳይቀሩ ይጠሩበት ነበር። ሱቁ ያለወትሮው ጭር አለ። ከሩቅ ቆሜ ያየሁ ቀን ደስ ብሎኛል። አዎ፣ ብሎኛል። ደስታው ቤት እስክደርስ እንኳ አልቆየም።

ቅዳሜ እንደ ልማዱ መጣ። አልገባም፤ የግቢው በር ላይ ቆሞ የቁጥሮቹን ወረቀት ሰጠኝ። የሸጣቸው ቁጥሮች ተሰርዘዋል። ከእያንዳንዱ ጎን በትንንሽ ፊደል ጽፏል። "ሦስተኛ ፎቅ፣ ዋይፋይ ይቆራረጣል፣ እሁድ ልመለስ።" "ሽማግሌ ናቸው፣ ፊደሉን ላሳድግላቸው።" "ኮምፒውተሩ አሮጌ፣ ራውተር ከኔ ሰጠሁ።" አንዱ ጋ "አራተኛ ጊዜ" ይላል። እኔ በሦስት መቶ ሸጬ ሳበቃ፣ እሱ ፎቁን ሲወጣና ሲወርድ ነበር የከረመው። ያ አንድ ሺህ ሁለት መቶ የእግሩ ነበር።

"ለምን ኮፒ ናት አላልክም?" አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። "ውሸት ነዋ" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ጨመረበት። "አነሰኝ ብለሽ ብትመጪ እኮ እጨምርልሽ ነበር።"

ይቅርታ አላልኩም። ልለው ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያን ሰዓት አባቴ ከውስጥ "ነስሩ ነው እንዴ? ግባ እንጂ ልጄ!" ብሎ ተጣራ። ልጄ ሲለው ስሰማ አፌ ተዘጋ። ነስሩ ሌላ ጊዜ ጋሼ ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሪሞቷን ራሴ በሦስት መቶ ሸጥኩ። ሰባት ሰው ገዛኝ፤ ሰባቱም ሳይሠራ ሲቀር ደወሉ፤ ነገ እያልኩ ቀረሁ። ስምንተኛ አልመጣም። ኅዳር ላይ አዲሱ በርበሬ ገባና አፍንጫዬን በነጠላ አስሬ ሱቅ ወረድኩ። በመጀመሪያው ቀን ሳስነጥስ ስውል አባቴ አንዲት ዛላ ሰጠኝና ስንት ትያለሽ አለኝ። ነገርኩት። አነሰ አለ፤ ከዚያ ሚዛኑን እያስተካከለ፣ ሳያየኝ ተናገረ።

"ነስሩ ሁለት ሺህ ብሎ ሲጠራ አጠገቡ ነበርኩ። ዓይኑን አላሸም። ዕቃሽን አምኖበታል። አንቺ ነሽ ያላመንሽበት።"

ደግሞ አላነሳውም፣ እስኪሞት። ሁለት ዓመት በርበሬ ሸጬ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ፤ አሁንም የማይሸተትና የማይሰበር ነገር እየሠራሁ ደሞዝ አገኛለሁ፤ ዋጋውን የሚቆርጡት ሌሎች ናቸው። ሪሞቷን ደግሞ አንድ ቀን የመተግበሪያ መደብሩ ላይ በነጻ ጣልኳት፣ ሰው ይጠቀምባት ብዬ። ነስሩ ዛሬ የሞባይል ዕቃ ጅምላ አከፋፋይ ነው፤ አንድ ፎቅ ሙሉ የሱ ነው። ለቅሶና ሠርግ ላይ እንገናኛለን፣ ሰላም እንባባላለን፣ ስለ ልጆች እንጠያየቃለን። ስለዚያ ነገር አንስተን አናውቅም።

ሐሙስ ዕለት ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ደወልኩለት።

"ነስሩ፣ ሪሞቷን ሊያወርዷት ነው።"

የትኛዋን ብሎ አልጠየቀኝም። ከወዲያ ጋሪ የሚገፋ ሰው ሲጮህ ይሰማል።

"ስንት ብለሽ ነው ያስቀመጥሻት?"

"በነጻ።"

ሳል እስኪይዘው ሳቀ። "አይ ወይንሸት። እሱማ ማን ያምንሻል።"

ስልኩን ስዘጋ መደብሩ ገጽ ገብቼ ዋጋዋን ሁለት ሺህ ላደርገው ሞከርኩ። አንዴ በነጻ የተለቀቀ አፕ ዋጋ አይወጣለትም ይላል። ተውኩት። ይቅርታውን ዛሬም አላልኩትም፤ ደውዬም አላልኩትም። በነስሩ እቀናለሁ፣ አሁንም። በፎቁ አይደለም፤ የአባቴም ሳቅ አባቴን ተከትሎ ሄዷል። የምቀናው ለእትዬ ጸጌ በተናገራት በዚያች ቃል ነው፤ ያን ቀን በሱ ቦታ ሆኜ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ብሆን ኖሮ፣ እትዬ ጸጌ ጠይቀው ሳይጨርሱ ኮፒ ናት እል ነበር።